ለመለኪያ የተሣለው ሰው

ባለፈው ወር አንድ የማውቀው ወጣት መሐንዲስ ቢሮው አስገብቶ የሚሠራውን የሕንፃ ሥዕል በኮምፒውተር አሳየኝ። ጥሩ ሥራ ነው፤ መስታወቱ ያበራል፣ ደመናው ሊንቀሳቀስ ምንም አልቀረው። በደጃፉ ላይ ሰዎች ነበሩ። አንዲት ሴት ስልኳን እያየች ትሄዳለች፣ አንድ ወንድ ቦርሳ አንግቷል። «ይሄ ማነው?» አልኩት።

ሳቀብኝ። «ማንም አይደለም እትዬ። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ነው፤ እየጎተትኩ የትም አቆመዋለሁ።»

እኔም አብሬው ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልተከተለኝም። በሥራ ዘመኔ በሕንፃ ሥዕል ደጃፍ ካቆምኳቸው ሰዎች አንዱ «ማንም አይደለም» የማይባል ስለነበረ ነው ይህን የምጽፈው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ አለኝ፤ ዓይኔም ገና ጨርሶ አልደከመም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ትውልዴ ደሴ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የንድፍ ሥራ ተምሬ ስወጣ የተመደብኩበት ወረቀት «ሀገረ ሕይወት» ይላል። አውቶቡስ ተራ ሄጄ ሀገረ ሕይወት ብዬ ብጠይቅ ረዳቱ አፈጠጠብኝ። «እህቴ፣ ጠበል ፈልገሽ ነው?» ወረቀቱን ሳሳየው፣ «አምቦ አትዪም ታዲያ!» ብሎ ሻንጣዬን ወደ አውቶቡሱ ጣሪያ ወረወረው። በዚያው ሄድኩ፤ በዚያው ቀረሁ። ኋላ በጊንጪም፣ በጌዶም፣ ጎጆ በምትባል ብርዳም ከተማም ሠርቻለሁ፤ ቤቴ ግን አምቦ ሆነ። ዛሬም ሰፈርተኛው «ወሎዬዋ» ነው የሚለኝ።

ጊዜው የሰባዎቹ መጀመሪያ ነው። ያን ዘመን ያየ ያውቀዋል። ሰው ከሰው ጋር መንገድ ላይ ቆሞ አያወራም፤ የቆመም እንደሆነ ስለ ዝናብ ነው የሚያወራው። እናቴ ስትሸኘኝ «ሥራሽን ሥሪ፣ ጾምሽን ጹሚ፣ አፍሽን ዝጊ» ነበር ያለችኝ። ደመወዜ ከቤት ኪራይና ለእናቴ ከምልከው አያልፍም ነበር፤ ስለ ደመወዝ ይህ ይበቃል።

የሕንፃ ሥራ ክፍሉ አስፋልቱ ዳር ያለ አሮጌ ቤት ነበር። አለቃዬ ኦቦ ደበላ ይባላሉ (በአገሩ ትልቅ ወንድ ኦቦ፣ ትልቅ ሴት አዴ ተብለው ነው የሚጠሩት)፤ የጉደር ሰው፣ የወንጌል አማኝ፣ ረጅምና ጎንበስ ያሉ። የንድፍ ሥራን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው ብዬ ነበር፤ ለካ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ጠዋት ገብተው ወረቀት ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፣ ያደርቃሉ፣ ከዚያ መዳፋቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው እርጥበት መቅረት አለመቅረቱን ይፈትሻሉ። እርሳስ ቀርጸው ሲጨርሱ ጫፉን አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ነው የሚሞክሩት። ምላጭ የሚያስቀምጡት የክብሪት ቀፎ ውስጥ ነው። ሲሠሩ ቃል የሌለው መዝሙር ያንጎራጉራሉ፤ መዝሙሩን ካቆሙ የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ያን ጊዜ አጠገቤ መጥተው «ሱታ፣ ኢንተላ ኮ፣ ሱታ» ይሉኛል። ቀስ በይ ልጄ ማለታቸው ነው። የመጀመሪያው ኦሮምኛዬ ይህ ነው።

ከመጣሁ ጥቂት ወራት በኋላ አንድ ትእዛዝ ወረደ። ለከተማው የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ ሊሠራ ነው፤ ድንጋዩንና ጉልበቱን ሕዝቡ ያዋጣል፣ እንጨቱ ከጭልሞ ደን ይመጣል። ሕዝቡ እንዲነሳሳ ክሊኒኩ ሲያልቅ የሚኖረው መልክ በቀለም ተሥሎ በቢሯችን ደጃፍ፣ በአስፋልቱ ዳር ባለው የመስታወት ሰሌዳ ውስጥ እንዲሰቀል ተባለ። እኛ ፐርስፔክቲቭ ነው የምንለው። የኦቦ ደበላ እጅ ያን ሰሞን ይንቀጠቀጥ ጀምሮ ነበር። «አንቺ ትሠሪዋለሽ» አሉኝ። እኔ ከትምህርት ቤት ወዲህ አንድም ፐርስፔክቲቭ ሠርቼ አላውቅም። ትምህርት ቤትም የሠራሁት ሳጥን ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ በመስመር ተበላሸ። የሕንፃ መስመሮች ሁሉ በሩቅ የሚገናኙበት ነጥብ አለ፤ ከጥግ ለሚታይ ሕንፃ ሁለት ነው፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ። ነጥቦቹ በጣም ከተቀራረቡ ሕንፃው እንደታነቀ ሆኖ ይወጣል። እኔ ሁለቱም ጠረጴዛዬ ላይ እንዲያርፉ ብዬ አቀራረብኳቸው። ኦቦ ደበላ መጥተው አዩና መዝሙራቸውን አቆሙ።

«ክሊኒኩ ወዴት እየሄደ ነው?»

«ቆሟል እኮ ጋሼ።»

«አልቆመም። እየተንሸራተተ ነው። አራሶቹን ሁሉቃ ወንዝ ልትከቻቸው ነው?»

ነጥቦቹን ሳርቃቸው አንዱ ግድግዳው ላይ ወደቀ። ምስማር መቱልኝ፣ ክር አሰርኩበት፣ ክሩን እየወጠርኩ መስመር አወጣሁ። ሌላው ግን በሩ ላይ ወደቀ። በሩ በተከፈተ ቁጥር የክሊኒኩ ግማሽ አብሮ ይዞራል። ስለዚህ በሩን ዘግተን ባለጉዳይ ሁሉ በመስኮት ይስተናገድ ጀመር። አንድ ገበሬ ኮፍያውን አውልቆ በመስኮቱ አንገቱን አስገባና ክሩን ከዳር እስከ ዳር ካየ በኋላ «እዚህ ቤት ልብስ ነው የምትሸምኑት?» አለን።

ሁለተኛው ሙከራዬ የከፋ ነበር። መስመሩ ተሳክቷል። ወረቀቱን በውሃ አርሼ ሰሌዳው ላይ በሙጫ ወረቀት ዙሪያውን ለጥፌ፣ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። የቀረው ሰማዩ ነው። ሰማይ የሚቀባው በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ከላይ ደመቅ፣ ወደታች እየሳሳ፣ ሳይደርቅ ሳያቋርጡ። የዚያን ቀን የቧንቧ ውሃ ጠፋ። ኦቦ ደበላ ለሆዳቸው የሚጠጡት የአምቦ ውሃ በጠርሙስ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ውሃ ውሃ ነው ብዬ ቀለሙን በሱ በጠበጥኩት። ሳህኑ ላይ ፍስስ አለ። ይህን እንኳ አይቼ አልገባኝም። ሰማዩን በአንድ ትንፋሽ ቀባሁት፤ በልቤም «ድንግል ሆይ፣ አደራሽን» እያልኩ። እርጥብ ሳለ እንደዚያ የሚያምር ሰማይ በሕይወቴ አልሠራሁም። ሲደርቅ አረፋው የፈነዳበት ቦታ ሁሉ ትንንሽ ነጭ ቀለበት ሆነ፤ በላዩ ላይ ጨው የመሰለ ነገር ብቅ አለ። በእጄ ብነካው ይባስ ተሰነጣጠቀ። ስንት ቀን የደከምኩበት መስመር ከሥሩ አብሮ ጠፋ።

አለቀስኩ። ኦቦ ደበላ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ሰማዩ ፈንጣጣ ወጥቶበታል» አሉ በመጨረሻ። «ኢንተላ ኮ፣ የአምቦ ውሃ ለሆድ ነው። ለሰማይ የዝናብ ውሃ ነው የሚሆነው።»

ከዚያ በኋላ በአገልግሎት ዘመኔ ሁሉ፣ በየሄድኩበት ከተማ፣ ከጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ በጠርሙስ ይዤ ነው የኖርኩት። ጎጆ ከተማ ስሠራማ ውሃው በጠዋት በረዶ ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር።

ሦስተኛው ሙከራ ተሳካ። ሰማዩም ግድግዳውም ደህና ወጣ። የቀረው ሰው ነበር። በእንዲህ ያለ ሥዕል ደጃፍ ላይ ሰው የሚቆመው ለጌጥ አይደለም። ተመልካቹ በሩ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ጣሪያው ምን ያህል ከፍ እንደሚል በሰው ቁመት ይለካዋል። የመጠን ሰው እንለዋለን። እኔ ከውጭ አገር መጽሐፍ ላይ አንዲት ባለ ባርኔጣ ሴት ከነውሻዋ ገለበጥኩ።

«ይቺ ሴትዮ ውሻዋን ይዛ ክሊኒክ ምን ልትሠራ መጣች?» አሉ ኦቦ ደበላ። «ኤክስፐርት ናት? በመስኮት ተመልከቺና አምቦን አምጪልኝ። ጀርባቸውን ሥሪ፤ ወደ ሕንፃው የሚሄዱ ይሁኑ። ፊት አትሥሪ። ፊት ከሠራሽ ሰው ፊቱን ያያል እንጂ ሕንፃውን አያይም።»

በቀጣዩ ቅዳሜ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ አምቦ ሁሉ በዚያ መንገድ ያልፋል። ልጅ ያዘለች ሴት ሠራሁ። ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ሠራሁ። ከዚያ አንድ ካፖርት የለበሰ ሰው መጣ። ዓይኔን የሳበው ካፖርቱ ነው፤ ረጅም፣ ግራጫ፣ ከነጩ ግድግዳ ፊት ቢቆም የሚያምር። ኮሌታው ላይ የጥቁር በግ ቆዳ ተሰፍቶበታል። ከወገቡ በስተኋላ ያለው አጭር መታጠቂያ አንድ ቁልፉ ወልቆ በአንዱ ብቻ ተንጠልጥሏል፤ ሲራመድ ይወዛወዛል። ጀማሪ ነኝና ያየሁትን ሁሉ ሠራሁ። በግ ቆዳውን በጥርስ ብሩሽ ቀለም እየረጨሁ፣ መታጠቂያውን በቀጭኑ ብሩሽ። ሰውዬው የሽንኩርት ዋጋ ሊጠይቅ ዞር ሲል ልጅ እግር ሆኖ አገኘሁት፤ ጢም እንኳ አላበቀለም፣ ካፖርቱም ከትከሻው ወርዶ ሰፍቶታል። ፊት ስለማልሠራ ፊቱ ለምንም አልጠቀመኝም። ወደ ብሩሼ ተመለስኩ።

ሥዕሉ ተሰቀለ። ኃላፊዎች አዩት፣ ተወደደ። ሰው ከገበያ ሲመለስ ቆሞ ያይ ጀመር። እኔ በመስኮት እያየሁ በውስጤ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሴቶች ይመጣሉ፤ ሁለት ሦስት ሆነው። ያያሉ። ሕንፃውን አይደለም የሚያዩት። እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ይሄዳሉ።

በማግስቱ አንዲት ቀጭን ሴት ብቻዋን መጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መስታወቱን በጣቷ ነካች። ካፖርቱ ያለበትን ቦታ። ለኦቦ ደበላ አሳየኋቸው። መዝሙሩ ቆመ።

«አዴ ጫልቱ ናት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የመምህር ገመቹ ባለቤት። ባሏን አምና ከቤቱ ወሰዱት። ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል አሏት። ነቀምት ሄደች፣ የለም። አዲስ አበባ ሄደች፣ የለም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያን ሰው ከየት አመጣሽው?»

«ከገበያ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ።

ከሥራ ስወጣ ሴትየዋ በር ላይ ጠብቃኛለች። «አንቺ ነሽ የሣልሽው?» አለችኝ።

«አዎ፣ አዴ።»

«ይህ ኮሌታ ጎጆ ሲያስተምር ያሰፋው ነው፤ የጎጆ ብርድ አንገት ይቆርጣል ብሎ። ይህን መታጠቂያ ዛሬ እሰፋዋለሁ ነገ እሰፋዋለሁ ስል ነው የወሰዱት።» እጄን ያዘችኝ። «መቼ ነው ያየሽው?»

«አንድ ቅዳሜ ነው።»

«የትኛው ቅዳሜ?»

«ልክ ከቅበላው በፊት ያለው።»

«ዘንድሮ?»

«ዘንድሮ።»

«ዋቃዮ!» አለች። እግዚአብሔርን በኦሮምኛ ጠርታ እጄን ሳመችው። «አለ ማለት ነው! ወጥቷል! ተደብቆ ነው እንጂ አለ!»

ያን ጊዜ ነው ሽንኩርት የሚጠይቀው ልጅ ፊት የመጣብኝ። ጢም የሌለው። ካፖርቱ የሰፋው። «አዴ፣ እኔ ጀርባውን ነው...» አልኩ። አልሰማችኝም። እንደ መሮጥ እያለች በአስፋልቱ ዳር ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት መጥፎ ነበሩ። ጎረቤት ለጎረቤት፣ መምህር ገመቹ በገበያ ታየ ተባለ። አዴ ጫልቱ ቤቷን በኖራ እየለቀለቀች ነው፣ ሸሚዙን እየተኮሰች ነው ተባለ። እኔ ማታ ማታ ስጸልይ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል እንጂ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ዝም ባልኩ ቁጥር የዚያች ሴት ተስፋ ይረዝማል፤ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ወሬው ወደማይገባው ጆሮ ይቀርባል።

ደረሰም። የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው ጓድ በዛብህ አንድ ጠዋት ሥዕሉን ከሰሌዳው አስወልቆ ይዞት ገባ። ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

«ጓድ ትርንጎ፣ ይሄ ሰው ማነው?»

«የመጠን ሰው ነው፣ ጓድ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሕንፃው ምን ያህል ከፍ እንደሚል በሱ ይለካል።»

«ለመለኪያ ከሆነ እንጨት አይበቃም?» ጣቱን መታጠቂያው ላይ አደረገ። «ለመለኪያ ለቆመ ሰው፣ ቁልፉ መውለቁ ምን ይጨምርለታል?»

ኦቦ ደበላ ከወንበራቸው ተነሱ። «ጓድ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኳት። ከመስኮት አይተሽ ሥሪ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አንተን አልጠየቅኩም።» ዓይኑን ከእኔ አላነሳም። «ገመቹ የሚባል ጸረ ሕዝብ በዚህ ከተማ እየተዘዋወረ ነው ይባላል። ማስረጃው ደግሞ ያንቺ ሥዕል ነው። አይተሽዋል? የት ነው ያለው? ሚስቱ ናት የደበቀችው?»

አሁን ይገባችኋል። አላየሁም ብል ሥዕሉ ይመሰክርብኛል። አየሁ ብል አዴ ጫልቱን ሊወስዷት ነው። ከሁለቱ መሐል የቀረችኝ ያየሁት ነገር ብቻ ናት።

«መምህር ገመቹን አላውቃቸውም፣ ጓድ። እኔ ያየሁት ካፖርት ነው። የለበሰው ልጅ እግር ነበር። ጢም የለውም። ካፖርቱ ሰፍቶታል።»

ጓድ በዛብህ ቀስ ብሎ ጣቱን ከሥዕሉ አነሳ። ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። የሚያውቀው ነገር ድንገት በማያውቀው በር እንደገባበት ሰው ሆነ። እስረኛ ሆኖ የሄደ ሰው ካፖርት ያለ ባለቤቱ እንዴት ገበያ ላይ እንደሚደርስ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

«ልጁን ብታዪው ትለዪዋለሽ?»

«ከሩቅ ነው ያየሁት።» ይህም እውነት ነበር።

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለማንም አትነግሪም።» ኮፍያውን አስተካከለ። «ይህን ሰው ከዚህ ላይ አንሱት። ነገ ጠዋት ያለሱ ይሰቀላል።»

ከወጣ በኋላ ኦቦ ደበላ የክብሪት ቀፎውን ከፍተው ምላጯን ሰጡኝ። የውሃ ቀለም በላጲስ አይነሳም። ምላጩን አጋድሞ እንደ ትንፋሽ ቀለል አድርጎ መፋቅ ነው፤ ከዚያ የተነሳውን የወረቀት ጸጉር በማንኪያ ጀርባ ማሸት፣ ከዚያ ወፍራም ቀለም መደረብ። ከኮሌታው ጀመርኩ። የበግ ቆዳው፣ ትከሻው፣ መታጠቂያው፣ አንድ በአንድ ግራጫ ዱቄት ሆነ። እፍ ማለት አልሆነልኝም። ኦቦ ደበላ ዱቄቱን በመሐረብ ጠረጉልኝ።

«ዛፍ አድርጊበት» አሉ። «ባሕር ዛፍ ይሁን፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ይሸፍነዋል።»

«ጋሼ፣ ሴትየዋስ?»

መሐረቡን አራት አድርገው አጠፉት። «አምስት ልጅ አለኝ ትርንጎ» አሉ። በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያው ነው። «ሂጂም አትሂጂም አልልሽም። ባትጠይቂኝ ግን ደስ ይለኛል።»

ሥዕሉ በማግስቱ ከነባሕር ዛፉ ተሰቀለ። ከሰዓት በኋላ አዴ ጫልቱ መጣች። ሰሌዳው ፊት ቆመች። ቀና አለች፣ ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ወደ በራችን መጣች። ጥበቃው አስቆማት። ጩኸቷን ሰምቼ ወጣሁ። ልብሴን ደረቴ ላይ በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘችኝ።

«የት ወሰዳችሁት?» አለችኝ። «እስከ ትናንት እዚህ ነበረ። የት ወሰዳችሁት?»

ጥበቃው ያየናል። አስፋልቱ ላይ ያለ ሰው ያየናል። ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦ «አዴ ጫልቱ፣ ዳንቴል ጥሩ ይሠራሉ ብለውኛል። ነገ ቤትዎ መጥቼ አዝዝዎታለሁ።»

ዓይኔን አየችው። እጇን ከደረቴ አነሳች። «እሺ» አለች። «ነገ ነይ።»

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ቤቱ በእውነትም ኖራ ተቀብቷል። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። ሁለቱን ሴት ልጆቿን ውሃ እንዲቀዱ ላከቻቸውና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ።

«ፊቱን አይቼዋለሁ» አልኩ። «ዞር ሲል። ልጅ እግር ነው፣ ጢም የለውም። እርሳቸው አይደሉም። ካፖርቱ ብቻ ነው የርሳቸው።»

እጇ ጉልበቷ ላይ እንዳለ ቀረ። «አዴ፣ ያዕቆብም የዮሴፍን ልብስ አይቶ ሞተ ብሎ አለቀሰ» አልኩ። «ዮሴፍ ግን በሕይወት ነበረ።»

ቀና አለች። መጽሐፉን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። «ለያዕቆብ ልብሱን ያመጡለት የዋሹት ናቸው» አለችኝ። «አንቺ ግን አልዋሸሽኝም።»

ተነስታ ሸሚዙን ከወንበሩ አነሳች። እጅጌውን በእጅጌው ላይ፣ ኮሌታውን ወደ ውስጥ፣ ልክ ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ አድርጋ አጠፈችው። «ልጁ ካፖርቱን ቆልፎታል?» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ።

«ቆልፎታል፣ አዴ።»

«ደግ። ይሙቀው።»

ከዚያ ዞረች፤ ዓይኗ ደረቅ ነበር። «እንግዲህ ዳንቴል አዝዘሽ ነው የሄድሽው። ሲጠይቁሽ እንዳትሳሳቺ። ምንድነው ያዘዝሽው?»

«የ... የሬዲዮ ልብስ።»

«ሬዲዮ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ይሁን፤ የሬዲዮ ልብስ።»

ያን ጊዜ የታሰረ ሰው ሞተ ተብሎ ድንኳን አይተከልም። ማን ነገራችሁ ይባላል። ሬሳ የለም፣ መርዶ የለም፣ ስለዚህ ልቅሶ የለም። እኔም በሦስተኛው ቀን ወደዚያ ቤት ስሄድ እሷን ብቻዋን አገኛለሁ ብዬ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ስገባ ስድስት ሴቶች በመደቡ ላይ ተቀምጠዋል። እያንዳንዷ ጭኗ ላይ የክር ድውር አስቀምጣለች። ማንም አይናገርም። አንዷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን አይወጣትም።

«ክር እየመረጥን ነው» አለችኝ በር አጠገብ ያለችው ዓይኗ እንደቀላ። ቦታ ለቀቁልኝ፣ ተቀመጥኩ።

ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም። ወደ ቢሮ ስመለስ ኦቦ ደበላ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ፣ «የእኔዋም ዛሬ የትራስ ዳንቴል ልታዝዝ ሄዳለች» አሉ። ያን ሳምንት አምቦ ውስጥ ዳንቴል ያላዘዘች ሴት ያለች አይመስለኝም። የኛዎቹ ከቅዳሴ ሲመለሱ ያልፋሉ፤ የወንጌል አማኞቹ ከገበያ ሲመለሱ ያልፋሉ። የቀበሌው ተላላኪ ቆሞ ቢያያቸው እያንዳንዷ የክር ድውሯን ታሳየዋለች። አንድ ሰው ሲያልፍ ሰምቼዋለሁ፦ «ምነው ይህን ያህል ዳንቴል? ከተማው ሁሉ ሊያገባ ነው እንዴ?»

በሳምንቱ ማብቂያ እንደገና ስሄድ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ገና ከመቀመጤ የበሩ ብርሃን ተሸፈነ። የቆመችው የጓድ በዛብህ ባለቤት ወይዘሮ አልማዝ ናት። ሁላችንም እናውቃታለን፤ ነጠላዋ ሁልጊዜ ከሁላችን ነጠላ ይነጣል። የሁሉም እጅ ክሩ ላይ ደረቀ። አንዲት ሴት እንባዋን ለመጥረግ ያነሳችውን እጅ በአየር ላይ ተወችው። ልትሰልል መጥታ ነው፣ አለቀልን ብዬ አማተብኩ።

ወይዘሮ አልማዝ ወደ ማንም አላየችም። መሐረብ ውስጥ የጠቀለለችው ነገር ነበራት፤ ፈታችው፤ የክር ድውር ነው፣ ገና ያልተነካ።

«ምን ልሥራልሽ?» አለቻት አዴ ጫልቱ። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር።

«ለእነሱ የምትሠሪላቸውን» አለች ወይዘሮ አልማዝ።

አዴ ጫልቱ ፈቀቅ አለችና ከጎኗ ያለውን መደብ በእጇ ጠረገችላት።